የተገዘተው ጎታ

ገብረ አማኑኤል ንፉግ ነበር። ይህን ቀድሞ መናገር ይሻላል፤ በኋላ ሲደረስበት ሐሜት ይመስላልና። ከጓሳ ግርጌ ባለችው በዚያች የገብርኤል አጥቢያ አንድ ሰው ለእንግዳ ሲሰስት «ገብረ አማኑኤልን ሆንክ እንዴ?» ይባል ነበር። ገብስ ሲሰፍር ቁናው ላይ ቁልል አይተውም፤ የቁናውን አፍ በመዳፉ ጠርጎ የተረፈችውን ፍሬ ወደ ጎታው ይመልሳል። ለሚስቱ ለጌታነሽ እንኳ የሳምንቱን እህል የሚሰፍርላት ራሱ ነው። የቤቱ ቁና ከመደቡ ራስጌ ካለው ችካል ላይ ይንጠለጠላል፤ ከእሱ በቀር የሚያወርደው የለም። የመንደሩ ሴቶች በዚህ ነገር ይስቁባታል። እሷ ግን አብራቸው ስቃ፣ አብራቸው አምታው አታውቅም።

ምክንያቱን ስለምታውቅ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ መጀመሪያ ላይ ቤታቸው ገና እህል ነበረው፤ ገብረ አማኑኤልም ያኔ እጀ ሰፊ ጎልማሳ ነበር። ዘመድም መጣ፣ መንገደኛም መጣ፣ ጎታው አፉን እንደ ከፈተ ከረመ። «ነገ ይዘንባል» እያለ ሰጠ፣ «ነገ ይዘንባል» እያለ አበላ። ዝናቡ ሳይመጣ ጎታው ተሟጠጠ፤ የበኩር ልጃቸው እስከዳርም በአባቷ እጅ ላይ አለፈች። ከዚያ ወዲህ ገብረ አማኑኤል እህል ሲሰፍር ቀና ብሎ የሰው ፊት አያይም። አገሩ ንፍገት ያለው ነገር ሐዘን ነበር፤ ጌታነሽ ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህም ዝም ትለዋለች።

መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ አንድ የርዳታ ድርጅት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ላይ ቆርቆሮ የለበሰ መጋዘን ሠራ። «የእህል ባንክ» ነው ተባለ። ገበሬው ከመኸር በኋላ ገብሱን ያስቀምጣል፤ የቸገረው ይበደራል፤ ሲያገኝ በትንሽ ጭማሪ ይመልሳል። ሐሳቡን ሁሉም ወደደው። ችግሩ ቁልፉን ማን ይያዝ የሚለው ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ በሚተረትበት አገር የመጋዘን ሹም መምረጥ ቀላል አይደለም። ስብሰባው ላይ የአንዱ ስም ሲነሣ የሌላው ወገን ያጉረመርማል። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ፣ የራሱን እህል የማይበላ ሰው የእኛን እንዴት ይበላል ብሎ ወደ ገብረ አማኑኤል ጠቆመ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ነገሩ እውነት መሆኑ ታየውና ሁሉም እጁን አወጣ። ገብረ አማኑኤል ተሰድቦ ይሁን ተከብሮ ሳይለይለት ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው።

ሥራውን የሚያስተምረው ከወረዳው የመጣ ዮፍታሄ የሚባል የኅብረት ሥራ ባለሙያ ነበር። ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ የማያጣው፣ ሲያስረዳ የማይሰለች ልጅ ነው። ባንክ የተቀመጠበትን ሁሉ ቆልፎ አይዝም አለ። አስቀማጩ ሁሉ በአንድ ቀን መጥቶ የእኔን አምጣ አይልም፤ ስለዚህ ሩቡን ሁልጊዜ በመጋዘን አቆይቶ ሦስቱን እጅ ማበደር ይቻላል። ላስቀመጠ ሰው ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጠዋል፤ ወረቀቱን ያመጣ ገብሱን ይወስዳል። ገብረ አማኑኤል «ሩቡን አቆይ» የሚለውን ከልቡ ተቀበለ፤ «ሦስቱን አበድር» የሚለው ግን አልዋጥ አለው።

የመጀመሪያውን ገብስ ያስቀመጠው ራሱ ነበር። ጠባቂው ያላመነበትን መጋዘን ማን ያምናል ብላ ጌታነሽ ስለ ጨቀጨቀችው ሃያ ቁና አስገባ፤ ለራሱም ወረቀት ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ፣ ለራሱ ሰጠ። ከሃያው አምስቱን በደንቡ ለይቶ አሥራ አምስቱን ለትዕዛዙ አበደረ። ትዕዛዙ ምላሱም እግሩም ፈጣን የሆነ ወጣት ገበሬ ነው፤ ብድሩን የፈለገው በግ ሊገዛበት ነበር። በጎቹን የምትሸጥለት አማከለች ናት። አማከለች ባሏ የሞተባት፣ በጭቃና በገለባ ጎታ እየሠራች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት፤ የሰው ጎታ ስታሳምር የራሷ ቤት ጣራ ያፈሳል። በጎቿን አስረክባ ገብሷን ልትቀበል መጋዘኑ ድረስ መጣችና አሰብ አድርጋ፣ ቤቴ ወስጄ አይጥ ከማበላበት እዚሁ ይቀመጥልኝ አለች። ትዕዛዙም ሳይሸከም፣ እሷም ሳትሸከም፣ ገብረ አማኑኤል የአሥራ አምስት ቁና ወረቀት ጻፈላት።

ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ ቆመ። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ገብስ ሃያ ቁና ነው፤ ከቦታውም አልተነቃነቀም። በሰው እጅ ያለው ወረቀት ግን የእሱ ሃያ፣ የአማከለች አሥራ አምስት፣ በድምሩ ሠላሳ አምስት ነው። ደገመና አሰበው፤ ያው ሆነ። አሥራ አምስት ቁና ገብስ ሳይዘራ፣ ሳይታረም፣ ሳይታጨድ ተወልዷል። ደግሞም አማከለች ካስቀመጠችው ላይ ሩቡን አስቀርቶ ለሌላ ቢያበድር፣ ያም ዞሮ ቢመለስ፣ እንደገና ይወለዳል። ገብረ አማኑኤል ይህን ሲያስብ በቀጥታ ወደ ነፍስ አባቱ ወደ አባ ኪዳነ ወልድ ቤት ሄደ፤ ሐሰት የጻፈ መስሎት ንስሐ ሊገባ።

አባ ኪዳነ ወልድ ያረጁ፣ በነገር የማይቸኩሉ ካህን ነበሩ። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ሠላሳ አምስቱ ቁና የት እንዳለ ጠየቁት። ሃያው መጋዘን፣ አሥራ አምስቱ ትዕዛዙ ላይ እንዳለ ነገራቸው። ትዕዛዙ ይከዳል ወይ አሉት። አይከድም አለ።

«እንግዲያ ሐሰት አልጻፍክም፣ ልጄ» አሉት። «የጻፍከው የትዕዛዙን መታመን ነው።»

ገብረ አማኑኤልን በመስቀላቸው ባረኩት፤ እሱ ግን ሙሉ በሙሉ አልተረጋጋም። ዮፍታሄን ቆይቶ ሲያገኘው ይህ መወለድ ማብቂያው የት ነው ብሎ ጠየቀው። ዮፍታሄ በደስታ ፈገግ አለ፤ ይህን ጥያቄ የጠየቀው የመጋዘን ጠባቂ እስከዚያ ቀን አልነበረምና። ገብሱ በዞረ ቁጥር ሩቡ ስለሚቀር ዙሩ እያነሰ ሄዶ ይሞታል አለው፤ ከሃያ ቁና ላይ ወረቀቱ ቢበዛ ቢበዛ ሰማንያ ቢደርስ ነው። ግማሹ ቢቀር ኖሮ ከአርባ አያልፍም፤ ምንም ባይቀር ደግሞ ማብቂያ የለውም። በትልልቆቹ ባንኮችም ያው ነው፤ ብሩ የሚበዛው በማተሚያ ቤት ብቻ ሳይሆን ብድር ሆኖ ወጥቶ ተቀማጭ ሆኖ ሲመለስ ነው፤ ከተቀመጠባችሁ ይህን ያህሉን አታበድሩ ተብለው የሚታዘዙትም ለዚህ ነው። ገብረ አማኑኤል ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ያዘ፤ ሩቡ ልጓም ነው። ልጓሙ ከወጣ ፈረሱ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም።

ነገሩስ አገሩን ጠቀመ፤ ይህን ማንም አይክድም። በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ በግ ያልነበረው በግ አገኘ፣ ጥማድ የጎደለው በሬ ገዛ፣ አማከለች ጣራዋን ከደነች። ሰው ወረቀቱን ወደ መጋዘን ማምጣቱን ትቶ እርስ በርሱ ይገበያይበት ጀመር። ሸማኔ ለጋቢ ዋጋ ወረቀት ይቀበላል፤ ለሙሽራ ወረቀት ይሰጣል፤ ራቤል ገበያ ላይ እንኳ የሚያውቁን ነጋዴዎች «የገብረ አማኑኤል ነው?» ብለው ማኅተሙን አይተው ይወስዳሉ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባል የለ፤ ይህ ወረቀት ግን ከያዘው ሰው እጅ በደስታ ይለቅ ነበር። ንፉጉ ሰው ስሙ ገንዘብ ሆኖ በየኪሱ ሲዞር ጌታነሽ አይታ ትስቅ ነበር። እሱም ደስ ብሎታል፤ ግን አይልም።

ጣጣው የመጣው ከጥጋቡ ነው። መጋዘን ውስጥ ሳይነካ የተቀመጠውን ሩብ እያየ ትዕዛዙ ይበሳጭ ጀመር። ሣር ታጭዶ ካልተበላ ይበሰብሳል፤ ይህ ሁሉ ገብስ ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል፤ ይበደር እንጂ እያለ በየስብሰባው ይናገራል። ወጣቶቹ ከእሱ ጋር ሆኑ። ገብረ አማኑኤል ተከራካሪ ሰው አይደለም፤ ክርክሩ በድምፅ ብልጫ ካለቀ እንደሚሸነፍ ገባው። የገባው ለት እስከዳርን አስታወሰ፤ አፉን ከፍቶ የከረመውን ጎታም አስታወሰ። ስለዚህ የሚያውቀውን አንድ መከላከያ ፈለገ።

አማከለችን አስጠርቶ መጋዘኑ ውስጥ ከእሱ ቁመት የሚበልጥ ጎታ አሠራ። ሩቡን ገብስ እዚያ ውስጥ ገልብጦ አፉን በእበት አስመረገ። ሰዉ ጎታውን «ጓሳ» አለው፤ ከበላያችን እንዳለው ግጦሽ፣ ተከልሎ የሚጠበቅ ነውና። ከዚያ በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ኪዳነ ወልድን መስቀላቸውን አስይዞ ወደ መጋዘኑ ወሰዳቸው። የተፈለገው ግዝት ነበር። እኚያ ሽማግሌ አመነቱ፤ እህል ላይ ግዝት ከባድ ነው፣ ለስንት ጊዜ ይሁን ብለው ጠየቁት። ለዘላለም አለ። እስከዳርን የቀበሩ እሳቸው ነበሩ፤ እምቢ ለማለት አንጀታቸው አልቻለም። መስቀሉን ወደ ጎታው አንሥተው በገብርኤል ስም በዚህ ጎታ ላይ እጁን የሰደደ ውግዝ ከመ አርዮስ ይሁን አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ፤ ትዕዛዙም ከሁሉ ዝቅ ባለ ድምፅ አሜን አለ።

ይህ የእኛ ሰው ስሕተት ነው፤ የሌላ አገር ሰው አይሠራውም። ሌላው ቢሆን ቁልፍ ይጨምር ነበር፤ ዘበኛ ይቀጥር ነበር። ገብረ አማኑኤል ግን ጎታውን ከሌባ ብቻ ሳይሆን ከራሱም አስገዝቶ ወደ ቤቱ ሄዶ ተኛ። ከሰባ ሰባት ወዲህ እንደዚያ ተኝቶ አያውቅም። አባ ኪዳነ ወልድ በዚያው ዓመት ዓለም በቃኝ ብለው ገዳም ገቡ፤ በማግሥቱ ዓመት የሁዳዴ ጾም ሳይፈታ ማረፋቸው ተሰማ። አጥቢያው አለቀሰላቸው። ግዝቱን ሳይፈቱት መሄዳቸውን ያሰበ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በልጉ ቀረ። በጥር ሰማዩ ሁለት ቀን አንጠባጥቦ ተወ፤ የተዘራው ገብስ ጣት ሳያክል ቢጫ ሆነ። በሚያዝያ የተበደረው ሁሉ መመለስ እንደማይችል ታወቀ። ትዕዛዙ ራሱ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ፣ በሬዎቼ ከስተዋል፣ ብሸጣቸው ቆዳቸውን ነው የምሸጠው፣ እስከ መኸር ታገሠኝ አለ። ገብረ አማኑኤል ታገሠ፤ ሌላ ምን ያደርጋል። ከጎታው ውጭ በልቅ የተቀመጠው ገብስ ግን በየቀኑ እየተወሰደ ወለሉ መታየት ጀመረ። ሰው ገብሱን የሚፈልገው ለመብላት ብቻ አልነበረም፤ ሰኔ ሲገባ ለመኸር የሚዘራ ዘርም ያስፈልገዋል።

አንድ እሑድ ከሩቅ መንደር የመጣ ሰው ወረቀቱን ይዞ ቀረበ። ገብረ አማኑኤል ያለችውን ለማብቃቃት ብሎ «ሐሙስ ና» አለው። ይህችን ቃል ዕድሜውን ሙሉ ሲጸጸትባት ኖሯል። የጠባቂ «ሐሙስ ና» ማለት ለሰሚው «የለም» ማለት ነው። ሰውየው ቤቱ እስኪደርስ ወሬው ቀድሞት ደርሷል፤ ሰኞ ራቤል ገበያ ላይ የአሥር ቁና ወረቀት በስድስት ቁና ተለወጠ፤ ወደ ማምሻው ላይ በስድስትም የሚወስድ ጠፋ። ያ የተከበረ ስም ባንድ ቀን ረከሰ።

ማክሰኞ ገብረ አማኑኤል መጋዘኑን ሊከፍት ሲመጣ ሜዳው በሰው ተሞልቷል። ዮፍታሄ «አስቀማጩ ሁሉ በአንድ ቀን አይመጣም» ያለው ቃል ትዝ አለው። መጡ። ከወዲያኛው ተራራ ሁሉ ሳይቀር በፈረስ መጡ። ለመጡት እያቀረበ ሰፈረ፤ ፀሐይ ከመክረሯ በፊት ልቁ ገብስ አለቀ። ሰልፉ ግን ከበሩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ድረስ ነው። ከፊት ያሉት ገፉ፤ ጥቂቶች መጥረቢያ ይዘው ነበር። ያን ጊዜ ግን ሁሉም ያንን ጎታ አዩትና ቆሙ። በር ለመስበር ያልፈሩ ሰዎች ጭቃ ለመንካት ፈሩ።

ትዕዛዙ፣ ደብረ ብርሃን ሰው ይላክና ጳጳሱ ይፍቱት፤ ያሰረው ካህን ሞቷል፣ ከጳጳስ በታች ማን ይፈታዋል አለ። አዲሱ ካህን ቄስ ወሰኔም ገና ወጣት ናቸው፤ ቀለሙን እንጂ እንዲህ ያለውን ነገር አላዩም፤ የሟችን ቃል መፍታት አልደፈሩም። ነገር ግን እስከ ደብረ ብርሃን ተሄዶ፣ ተጠይቆ፣ እስኪመለስ ድረስ ሰው ምን እንደሚሆን ገብረ አማኑኤል ያውቃል። ወረቀቱን ይቀድዳል፣ በጎቹን በማይረባ ዋጋ ይጥላል፣ የዘር ገብሱን ይበላል። አይቶታልና ያውቃል። በሩ ላይ ቆሞ ጎታው በግዝት ላይ ነው፣ አልችልም አላቸው።

አማከለች ከሰልፉ ወጥታ ወደ እሱ መጣች። ወረቀቷን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራዋለች። አልጮኸችም፤ እንደ ሌላው ቀን ተናገረች።

«ጋሼ፣ ጎታውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ግዝቱንም አሜን ብያለሁ። ግን ጓሳን አባቶቻችን የሚዘጉት ለምንድነው? ለክፉ ቀን ሊከፍቱት አይደለም እንዴ? ሳይከፈት የሚቀር ጓሳ ለቀበሮ ነው።»

ገብረ አማኑኤል ዞሮ ጎታውን አየ። ልጁ የሞተችው ጎታው ክፍት ስለነበረ ነው እያለ ይህን ሁሉ ዓመት ኖሯል፤ አሁን ደግሞ በር ላይ የቆሙት የእናቶች ፊት ሁሉ የዚያን ዓመት ፊት ነው፤ ጎታው ግን ዝግ ነው። እህል በመዘጋቱ ብቻ ማንንም እንደማያድን ያን ቀን ገባው። ደግሞም ግዝት ግዝት ነው፤ ገብርኤል በስሙ የተገዘተበትን አይረሳም። እጁን የሚሰድድ ሰው ከቅጽሩ ውጭ ይቆማል፤ ቢሞት ፍትሐት የለውም።

ሁሉም ከበሩ ራቅ እንዲሉለት ለመነ። አንድም ሰው እንዳይገባ፣ አንድም ሰው ቁና እንዳያቀብለው አለ።

«ካህኑን ለምኜ ያስገዘትኩት እኔ ነኝ» አለ። «የሚከፍተውም እኔ ብቻ ነኝ። ግዝቱ በእኔ ላይ ይሁን።»

መጥረቢያ ከአንዱ ሰው እጅ ተቀብሎ ድንጋይ ላይ ወጥቶ በእበት የተመረገውን የጎታውን አፍ በመጥረቢያው አናት መታ። ገብሱ ወደ ቁናው ሲፈስ ድምፁ እስከ ሜዳው ተሰማ። ገብረ አማኑኤል የመጀመሪያውን ቁና ሞላ፤ ከልማዱ የተነሣ አፉን በመዳፉ ጠረገና የተረፈችውን ወደ ጎታው መለሰ።

መጀመሪያ የሳቀችው አንዲት አሮጊት ናት። ነፍሱን ለአርዮስ ሰጥቶ እህሉን ይጠርጋል ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንዳንዱም እየሳቀ አለቀሰ። ያ ሳቅ ያደረገውን ስብከት አያደርገውም። እህል ያለቀበት ሰው እንዲያ አይጠርግም፤ እንዲያ የሚጠርገው ነገም እሰፍራለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። ተራዋ ሲደርስ አማከለች ለልጆቿ የሳምንት ብቻ ወስዳ ለቀሪው ወረቀት አስጻፈች፤ ካለ ይቀመጥልኝ አለች። ከኋላዋ ያለውም እንደዚያው አደረገ። ከሰልፉ ጫፍ ያሉት ደግሞ ጎታው እስከ አንገቱ ገብስ እንዳለው በዓይናቸው ካዩ በኋላ ወረቀታቸውን አጣጥፈው ወደየቤታቸው ሄዱ። ሲመሽ ጎታው ገና ግማሹን አልጎደለም። ራቤል ገበያ ላይም ወረቀቱ ቀስ እያለ ወደ ዋጋው ተመለሰ።

የገብረ አማኑኤል ዋጋ ግን አልተመለሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብቻው በላ፤ ለብቻው በሣር ጉዝጓዝ ላይ ተኛ። ጌታነሽ አብራው ልትበላ ስትል ሳህኑን ይዞ ወደ ጓሮ ይወጣል። ቁልፉን አስረክቦ እሑድ ሲደርስ ከቅጽሩ ውጭ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከልጅነቱ ጀምሮ ቅዳሴ አቋርጦ የማያውቅ ሰው፣ የካህኑን ድምፅ ከሩቅ እየሰማ፣ ቃሉን በልቡ እየመለሰ፣ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። አላለቀሰም ማለት ውሸት ነው።

ሰው መጥቶ አጠገቡ ሲቀመጥ ቀና አለ። ጌታነሽ ናት። ከቅዳሴ መሐል ወጥታ ነው የመጣችው። ግቢ፣ አንቺ ምን በድለሽ ነው አላት። ነጠላዋን አስተካክላ መሬቱ ላይ ተመቻቸች።

«ከሰባ ሰባት ወዲህ በእጅህ የሰፈርክልኝን ስበላ ኖሬያለሁ» አለችው። «ዛሬ ያ እጅ ውጭ ሲቀር እኔ ውስጥ ምን አደርጋለሁ?»

ብዙም ሳይቆይ አማከለች ልጆቿን ይዛ ከቅጽሩ ወጣች፤ ያንን ገብስ እኔም በልቻለሁ አለችና ተቀመጠች። ከኋላዋ ትዕዛዙ መጣ፤ እሱ እንኳ ከዚያ ገብስ አልወሰደም፣ ዕዳ ብቻ ነው ያለበት። ከዚያ ወንዱም ሴቱም፣ በከዘራ የሚሄደውም፣ በጀርባ የታዘለውም ወጣ። ቄስ ወሰኔ እግዚኦታውን ሲያደርሱ የሚመልስላቸው ድምፅ ከቤተ መቅደሱ ሳይሆን ከቅጽሩ ውጭ፣ ከጽዱ ሥር መጣ። ቅዳሴው ሲያልቅ በር ላይ ወጥተው ሕዝባቸውን ሜዳ ላይ አገኙት። ተቆጡ፤ ተቆጥተው ሳይጨርሱ ድምፃቸው ተሰበረ። በማግሥቱ በቅሏቸውን ጭነው ወደ ደብረ ብርሃን መንገድ ጀመሩ።

ከጳጳሱ ይዘውት የመጡት ቃል አጭር ነበር፤ ሁሉም ቆሞ ሰማው። ግዝቱ ተፈትቷል፤ ገብረ አማኑኤል ቀኖናውን ይፈጽም፤ ከእንግዲህ እህል አይገዘት፤ የሚዘጋውንም የሚከፈተውንም ሕዝቡ ተሰብስቦ ይዝጋ፣ ተሰብስቦ ይክፈት። ቄስ ወሰኔ መስቀሉን ግንባሩ ላይ አድርገው እግዚአብሔር ይፍታህ ሲሉት ገብረ አማኑኤል መሬቱን ሳመ፤ ከመሬቱ ለመነሣትም ጊዜ ፈጀበት። ዝናቡ በዚያው ሰሞን ጀምሮ ነበርና ግንባሩ ላይ ጭቃ ይዞ ቅጽሩ ውስጥ ገባ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ተፈታህ» ሊለው ቤቱ ድረስ ተከተለው። ያ ቤት እንዲያ ሰው ሞልቶት የሚያውቀው ከሰባ ሰባት በፊት ነው። የሚቀርብ ነገር ያስፈልግ ነበርና ጌታነሽ እንደ ልማዷ ፊቱን አየች። ገብረ አማኑኤል ተነሥቶ ከመደቡ ራስጌ ቁናውን አወረደና በእጇ ሰጣት። ወደ ቤታቸው ጎታ ሄዳ ቀዳች፤ እየቆለለች ቀዳች፤ ፍሬው በቁናው ዙሪያ እየፈሰሰ መሬት ወረደ። የገብረ አማኑኤል እጅ ሊጠርግ ብድግ አለ። ከዚያ መልሶ ጋቢው ውስጥ ከተተው፤ ጌታነሽም ይህን አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።